መጥፎ ዜና ወደ ላይ ሲወጣ፦ የተቋማት አመራር ጥናት ዳሰሳ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. 80 ዓመት ሞላው። ድርጅቱ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። እንዲህ ያለ በዓል በመጣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይበዛል። አንደኛው አውሮፕላንና መዳረሻ ይቆጥራል፤ ሁለተኛው የሰማንያ ዓመቱን ስኬት ጠቅልሎ ለሁለት ወይም ለሦስት ሥራ አስፈጻሚዎች ይሸልማል። የመጀመሪያው ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛው ግን የተቋማት አመራር ጥናት ከመቶ ዓመት ክርክር በኋላም ያልዘጋውን ጥያቄ ይቀሰቅሳል፤ ጥሩ መሪ የሚባለው ምን ሲያደርግ ነው? የዘርፉ መጻሕፍት መደርደሪያ ይሞላሉ፤ መልሶቻቸውም እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በዚህ ዳሰሳ የምከራከርለት አንድ ነጥብ ነው። እስካሁን ከተሰበሰበው ማስረጃ ሁሉ ጠንክሮ የቆመው፣ የመሪ ብቃት የሚታወቀው መጥፎ ዜና ሳይለዝብና ሳይዘገይ እሱ ዘንድ በመድረሱ ነው የሚለው ነው።

የቀድሞዎቹን ንድፈ ሐሳቦች በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። መጀመሪያ ተመራማሪዎች መሪ ሆኖ የሚወለድ ሰው ይፈልጉ ነበር፤ ቁመቱን፣ ድምፁን፣ የማሰብ ችሎታውን ለኩ። እ.ኤ.አ. በ1948 ራልፍ ስቶግዲል 124 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ ሲመረምር ሰውን በሁሉም ቦታ መሪ የሚያደርግ የባሕርይ ዝርዝር እንደሌለ ታየ። ከዚያ ተራው የአመራር ስልት ሆነ፤ በ1939 ከርት ሌዊንና ባልደረቦቹ በልጆች ክበባት ላይ አምባገነናዊ፣ ዴሞክራሲያዊና ልቅ አመራርን ያነጻጸሩበት ሙከራ እስከ ዛሬ በየሥልጠናው ስላይድ ላይ አለ። በ1960ዎቹ ፍሬድ ፊድለር የትኛው ስልት እንደሚሠራ እንደ ሁኔታው ይለያያል አለ፤ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ነገ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ለሚጠይቅ ሥራ አስኪያጅ «እንደ ሁኔታው» መልስ አይሆነውም። በ1978 ጄምስ በርንስ፣ በ1985 በርናርድ ባስ የለውጥ አመራርን ጽንሰ ሐሳብ አመጡ፤ መሪ ራእይ ያሳያል፣ ያነሣሣል፣ ተከታዩን ከግል ጥቅሙ በላይ ያሳስባል። በአዳማና በቢሾፍቱ ሆቴሎች አዳራሽ የሚሰጠው የአመራር ሥልጠና አብዛኛው ይዘት ከዚህ የተቀዳ ነው።

የራእይ አመራር ትልቁ ችግር ማስረጃው በአብዛኛው ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚገኝ መሆኑ ነው። ጄምስ ማይንድልና ባልደረቦቹ በ1985 እንዳሳዩት፣ ድርጅት በጣም ሲያድግ ወይም በጣም ሲወድቅ ሰዎች ምክንያቱን ከገበያውና ከዕድሉ ይልቅ በመሪው ላይ ይለጥፋሉ። ፊል ሮዘንዝዋይግም በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ ያንኑ አጠናከረ፤ ትርፍ ሲኖር ሥራ አስፈጻሚው «ባለራእይና ቆራጥ» ይባላል፣ ትርፉ ሲጠፋ ያው ሰው ያው ጠባይ ይዞ «ግትር» ይባላል። አየር መንገዱን በዚህ ዓይን ብናየው ሌላ ታሪክ ይወጣል። ድርጅቱ በአሜሪካው ቲደብልዩኤ እጅ ሲመራ ቆይቶ ስምምነቱ ሲታደስ የመጨረሻ ግቡ በኢትዮጵያውያን የሚሠራ አየር መንገድ እንዲሆን ተደረገ፤ አብራሪና ቴክኒሻን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ልማድ ሆነ። ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1971፣ ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ ሰው ከተዘጋጀ በኋላ ነው። በቅርብ ዓመታት የመሩት አቶ ግርማ ዋቄ፣ አቶ ተወልደ ገብረማርያምና አቶ መስፍን ጣሰውም በዚያው ቤት ተቀጥረው ሥራውን ከሥር የተማሩ ናቸው። ይህ የሰዎቹን ድርሻ አያሳንስም። ነገር ግን ሊጠና የሚገባው ከእነሱ በፊት የነበረና ከእነሱ በኋላም የሚቀር አሠራር መሆኑን ያሳያል።

አሠራርን በቁጥር ለመያዝ ከሞከሩት አንዱ ጉግል ነው። ኩባንያው በ2002 የመሐንዲሶቹን አለቆች በሙሉ አንሥቶ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መለሳቸው። በኋላም አለቃ ጥቅም እንዳለው ለማጣራት የራሱን መረጃ ሲመረምር፣ የጥሩ አለቃ ምልክቶች ማብቃት፣ በየጥቃቅኑ አለመግባት፣ ማዳመጥና የመሳሰሉት ሆነው ተገኙ፤ የቴክኒክ ዕውቀት ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ መጣ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ 180 ያህል ቡድኖችን አጥንቶ፣ ውጤታማውን ከሌላው የለየው የአባላቱ ብልህነት ወይም ቅርርብ ሳይሆን ሰው ሳይሸማቀቅ «አልገባኝም» ወይም «ተሳስቻለሁ» ማለት መቻሉ እንደሆነ ደረሰበት። ይህን ቀድማ ያገኘችው የሃርቫርዷ ኤሚ ኤድመንድሰን ናት፤ ያገኘችውም ሳታስበው ነው። በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ስታጠና፣ ጥሩ የሚመሩ የነርስ ቡድኖች ስሕተታቸው ያነሰ ይሆናል ብላ ጠብቃ ነበር። መዝገቡ ተቃራኒውን አሳየ፤ የተሻሉት ቡድኖች የበለጠ ስሕተት አስመዝግበዋል። ጠለቅ ብላ ስታይ ልዩነቱ በመናገር ላይ ሆነ። በጥሩዎቹ ክፍሎች ነርሷ የተሳሳተ መጠን መስጠቷን ለኃላፊዋ ትናገራለች፤ በመጥፎዎቹ ክፍሎች ስሕተቱ ይፈጸማል፣ ወረቀቱ ግን ንጹሕ ነው። ከዚህ ግኝት በኋላ «ምንም ችግር የለም» የሚል ሪፖርት የደረሰው መሪ ዘና የሚልበት ምክንያት የለውም።

አቪዬሽን ይህን ትምህርት የተማረው በደም ነው። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴኔሪፍ ደሴት ጉም በሸፈነው ማኮብኮቢያ ላይ የኬኤልኤምና የፓን አም ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የኬኤልኤሙ ካፒቴን የድርጅቱ የ747 አብራሪዎች አሠልጣኝ ኃላፊ፣ ፎቶግራፉም በማስታወቂያ ላይ የሚወጣ ሰው ነበር። ለመነሣት ፍጥነት መጨመር ሲጀምሩ የበረራ መሐንዲሱ የፓን አሙ አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው መውጣቱን በጥርጣሬ ጠየቀ። ካፒቴኑ ወጥቷል ብሎ በእርግጠኝነት መለሰ። መሐንዲሱም ጥያቄውን አልደገመም። እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ አንድ የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን ሠራተኞቹ የማረፊያ እግሩን ችግር ሲመረምሩ ነዳጁ አልቆ በፖርትላንድ ወደቀና አሥር ሰዎች ሞቱ። ናሳ በ1979 ጉባኤ ጠራ፤ ከዚያ በኋላ የተስፋፋው የበረራ ቡድን ሥልጠና ካፒቴኑ እንዲጠይቅ፣ ረዳቱም እስኪሰማ ድረስ እንዲናገር ያስገድዳል። የካፒቴኑ ሥልጣን አልተነካም፤ ውሳኔው አሁንም የእሱ ነው። የተለወጠው ውሳኔው የሚመረኮዝበት መረጃ ነው።

ከአየር ወደ ምድር ስንወርድ ሁለተኛው ጠንካራ ማስረጃ ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ይገኛል። ጄኔራል ሞተርስ እዚያ የነበረውን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 ዘጋው፤ ሠራተኞቹ ቀሪ በማብዛትና በአድማ የታወቁ ነበሩ። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት የተቀጠሩት በአብዛኛው እነዚያው ሠራተኞች ናቸው፤ ማኅበራቸውም ያው ነው። በአሮጌው ፋብሪካ የማምረቻ መሥመሩ አይቆምም ነበር፤ ጎዶሎው መኪና አልፎ ይሄድና ግቢ ውስጥ ተከማችቶ ኋላ ይጠገናል። በአዲሱ ግን ከሠራተኛው ራስ በላይ ገመድ ተዘረጋ። ጉድለት ያየ ገመዱን ይስባል፣ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው ሮጦ ይመጣል፤ ችግሩ በጊዜው ካልተፈታ መሥመሩ ይቆማል። የቡድን መሪው ሲደርስ «ማነው ያበላሸው?» ሳይሆን «ምን ልርዳህ?» ይላል። በጥቂት ዓመታት የፋብሪካው ጥራት ጃፓን ካሉት የቶዮታ ፋብሪካዎች ጋር ተቀራረበ። ጄኔራል ሞተርስ ያንኑ ገመድ ቫን ናይስ ወደሚገኘው ፋብሪካው ቢወስደውም አልሠራም፤ አለቆቹ በምርት ብዛት ይመዘኑ ስለነበር መሥመር የሚያስቆም ሠራተኛ ጠላታቸው ሆኖ ቀረ። ገመዱን መቅዳት ቀላል ነው፤ ገመዱ ሲሳብ አለቃው የሚያሳየውን ፊት መቅዳት ነው የሚከብደው።

ይህ ጉዳይ ኢትዮጵያን በቀጥታ የነካው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ነው፤ 157 ሰዎች ሞቱ። ከአራት ወር ተኩል ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያ ከወደቀው ተመሳሳይ አውሮፕላን ጋር የሟቾቹ ቁጥር 346 ደረሰ። አውሮፕላኑን ወደ ታች የገፋው የሶፍትዌር ሥርዓት በአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ብቻ ይመራ ነበር፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት አምራቹን ቦይንግን የመደበቅ ባህል አለበት ብሎ ከሰሰው። ኤድ ፒርሰን የተባለ የቦይንግ ሬንተን ፋብሪካ ከፍተኛ ኃላፊ ሠራተኛው በድካም እየተሳሳተ ስለሆነ ምርቱ ለጊዜው እንዲቆም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ለአለቃው ጽፎ እንደነበር ለምክር ቤቱ መስክሯል። የእሱ ማስጠንቀቂያ ስለ ምርት ጥራት እንጂ ስለ ሶፍትዌሩ አልነበረም፤ ስለዚህ ቢሰማ ኖሮ አደጋው ይቀር ነበር ማለት አይቻልም። ይሁንና ጥያቄው ወደ ላይ ደርሶ ምርቱ መቀጠሉ፣ የኩባንያው አለቆች የትኛውን ዜና መስማት እንደሚፈልጉ ሠራተኛው ሁሉ እንዲያውቅ ያደርጋል። ራእይ አልጎደለም፤ ጆሮ ነው የጎደለው።

ወደ ራሳችን መሥሪያ ቤቶች ስንመጣ፣ የበታች ለበላይ እውነቱን የሚናገርበት መድረክ አልነበረንም ማለት ስሕተት ነው። ግምገማ ነበረን። በትጥቅ ትግሉ ዘመን ታጋዮች ከውጊያ በኋላ አዛዣቸውን ሳይቀር በሂስና ግለ ሂስ የሚፈትሹበት ልማድ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ መንግሥት ቢሮዎች ገባ። በወረቀት ላይ ከታየ ከቶዮታ ገመድ ጋር ይመሳሰላል፤ ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ለሚል ኅብረተሰብም ትልቅ ነገር ነበር። ግን በቢሮ ውስጥ ሰው «ተገምግሞ ወረደ» የሚባልበት መድረክ ሆነ። ግለ ሂስ ያደረገ ሰው የተናገረው ቃል በፋይሉ ይገባል፤ ሂስ የሰነዘረ ደግሞ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ትኩረቱም በሥራው ጉድለት ላይ ሳይሆን በሰውዬው አመለካከት ላይ ሆነ። ስለዚህ ሠራተኛው ተለማመደ፤ ትንሽ የማያሳፍር ድክመት መርጦ ያምናል፣ ትልቁን ይደብቃል። መድረኩ ከስብሰባ ብዛት አልወደቀም፤ እውነት ሲነገር ዋጋው እየናረ በመሄዱ ነው የወደቀው።

ቀጥለው የመጡት ቢፒአር (መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) እና ቢኤስሲም (ሚዛናዊ የውጤት መለኪያ) ከዚህ ችግር አላመለጡም። የሥራ ሂደት ተቀርጾ፣ ዒላማ በነጥብ ተተምኖ የበታች ኃላፊ በቁጥር ሲመዘን፣ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ዕቅዱን መሙላቱ አይቀርም፤ መንገዱና ውኃው ግን አይደርስም። ካይዘን የተባለው የጃፓኖች ያልተቋረጠ የማሻሻያ ዘዴ ከሁሉም የተሻለ ዕድል ነበረው። በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም፣ መነሻው ጉድለትን ከሁሉ በፊት የሚያየው ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ነው የሚል ነበር። የሥራ ቦታ ማደራጃዎቹ አምስቱ ማዎች በየግድግዳው ተለጥፈዋል፤ ብዙ መጋዘን ጸድቷል፣ ብክነትም ቀንሷል፤ ይህ መናቅ የለበትም። ሆኖም ዕቃ ማስተካከልና መሥመር ማስቆም እኩል ድፍረት አይጠይቁም። ካይዘን ባለበት ፋብሪካ ሠራተኛው ቁጥሩ የተሳሳተ ነው ሲል ምን እንደሚገጥመው ካልተለወጠ፣ ያገኘነው ቫን ናይስን ነው።

ለዚህ አቋም ሦስት ተቃውሞዎች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው የባህል ነው፤ ታላቅ የሚከበርበት ማኅበረሰብ ለአለቃው ፊት ለፊት አይናገርም ይባላል። ነገር ግን ገመዱን የፈለሰፉት ጃፓኖች በማዕረግና በአክብሮት አይታሙም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመውና 62 ማኅበረሰቦችን ያካተተው የግሎብ ጥናትም፣ ኢትዮጵያ ባትኖርበትም፣ ሥራ አስኪያጆች በበላይና በበታች መካከል ያለው ርቀት በየአገሩ ካለው ይልቅ እንዲጠብብ እንደሚመኙ አሳይቷል። ሁለተኛው የቀውስ ጊዜ ነው፤ እሳት ሲነሣ ጉባኤ አይጠራም ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ቴኔሪፍ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፣ ለእሱም ከበቂ በላይ ጊዜ ነበር። በቀውስ ጊዜ ፈጥኖ የሚወስን መሪ የሚጠቅመው ቀደም ብሎ ሰዎቹን እውነት እንዲናገሩ ካስለመዳቸው ነው። ሦስተኛው የስቲቭ ጆብስ ስም ነው፤ ሰው የሚያስፈራራ መሪ ትልቅ ነገር ሠርቷል። እዚህ ላይ የሮዘንዝዋይግ ጥንቃቄ ይሠራል፣ ስኬቱ ጠባዩን ያስውባል። ከዚህም ሌላ የፊልም ስቱዲዮው የፒክሳር መሪ የነበረው ኤድ ካትሙል እንደጻፈው፣ የፊልሞቹ ረቂቅ ያለ ርኅራኄ በሚተችበት ስብሰባ ጆብስ እንዳይገኝ ሁለቱ ተስማምተዋል። ጆብስ መገኘቱ ሌላውን ዝም እንደሚያሰኝ አምኗል፤ እሱ ራሱ ካደረጋቸው የአመራር ተግባራት ከሁሉም የሚጠቀሰው ይህ መሆን አለበት።

እንዲህ ከሆነ ተግባራዊው ትርጉም ከብዙ ሥልጠና ይልቅ ጥቂት ልማዶች ናቸው፤ ስብሰባ ላይ አለቃው መጨረሻ መናገር፣ ጉድለት የጠቆመን ሰው በሁሉ ፊት ማመስገን፣ ስሕተትን ከቅጣት፣ ማጭበርበርን ከይቅርታ መለየት፣ የበታችን ኃላፊ በቁጥሩ ማማር ብቻ አለመመዘን። ከእነዚህ አንዱም በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቁት አለቃው የሚከፍለውን ክብር ነው፣ ለዚህም ነው ከራእይ መግለጫ ይልቅ ብርቅ የሆኑት። የሥራ አመራር ቦርድም ሥራ አስፈጻሚ ሲመርጥ ዕጩውን ስለ አሥር ዓመት ዕቅዱ ከመጠየቁ በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቀው ይሻላል፦ የበታችህ መጨረሻ ውሳኔህን ያስቀየረህ መቼ ነው? ያ ሰው ዛሬ የት ይሠራል? የመጀመሪያውን ጥያቄ በንግግር ማለፍ ይቻላል። ሁለተኛውን ግን ቦርዱ በሠራተኛው መዝገብ ሊያጣራው ይችላል።