ስሌንግ ቴንግ፦ ዳንስሆልን የቀየረች ትንሽ ኪቦርድ

ዳንስሆል በተባለው የጃማይካ ሙዚቃ ስልት የዘፈን መነሻ ብዙ ጊዜ ሪዲም ነው። ሪዲም የሚባለው ቤዝና ከበሮ የተዋሃዱበት፣ ድምፃዊ ገና ያልገባበት ቅንብር ነው። ፕሮዲውሰሩ አንድ ጊዜ ይሠራዋል፤ ከዚያ ድምፃውያን እየተፈራረቁ የየራሳቸውን ግጥምና ዜማ ይጫወቱበታል። እኛ ዘንድ ትዝታን እያንዳንዱ ድምፃዊ በራሱ ስንኝ እንደሚያዜመው ነው፤ በዳንስሆል ግን የሚጋሩት የተቀረጸውን ሙዚቃ ራሱን ነው።

ከሪዲሞች ሁሉ ዘመን ቀያሪ ተደርጎ የሚጠቀሰው ስሌንግ ቴንግ ነው። ከእሱ በፊት ሪዲም ለመሥራት በአብዛኛው ቤዝ ተጫዋቹ፣ ከበሮ መቺውና ጊታሪስቱ ስቱዲዮ መግባት ነበረባቸው። ድምፃዊው ዌይን ስሚዝና ጓደኛው ኖኤል ዴቪ ግን ካሲዮ ኤምቲ-40 በተባለች አነስተኛ ኪቦርድ ውስጥ «ሮክ» የሚል ስም የተሰጠው ዝግጁ አጃቢ ምት አገኙ። ፕሮዲውሰሩ ኪንግ ጃሚ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ሌሎች ድምፆችን ጨምሮ ቀረጸው።

ፍጥነቱን መቀነሱ ቀላል ይምሰል እንጂ ሳይንሱ እዚህ ላይ ነው። በቴፕ የተቀዳ ሙዚቃ ቀስ ብሎ ሲዞር የድምፁ ሞገድ አብሮ ስለሚለጠጥ ድምፁ ይወፍራል። በኪቦርዷ ማኅደረ ትውስታ የተቀመጠው ግን የተቀዳ ድምፅ ሳይሆን የትኛው ኖታ መቼ እንደሚመታ የሚናገር ትእዛዝ ነው። ድምፁን ኤሌክትሮኒክ ዑደቱ እዚያው ያመነጨዋል። ስለዚህ በኖታዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ሲረዝም የኖታዎቹ ቅጥነትና ውፍረት ሳይለወጥ ይቆያል።

የካሲዮዋን ምት ያዘጋጀችው ጃፓናዊቷ ኦኩዳ ሂሮኮ ናት። በሙዚቃ ኮሌጅ የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በሬጌ ላይ ነበር። ኪቦርዷ ገበያ የወጣችው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው።

ስሌንግ ቴንግ ስሙን የተከለው ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ኪንግስተን ውስጥ በዋልታም ፓርክ መንገድ፣ የጃሚ ሳውንድ ሲስተም (በግዙፍ ስፒከሮች በአደባባይ ሙዚቃ የሚያሰማ ቡድን) ከተፎካካሪው ብላክ ስኮርፒዮ ጋር በተፋለመበት ምሽት ነው። ለእንዲህ ያለው የአደባባይ ጭፈራ ቤዙ ወሳኝ ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በአየር ውስጥ የሞገዱ ርዝመት 7 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ሰውንና አጥርን እየዞረ ያልፋል። ጆሯችን ግን ለወፍራም ድምፅ ደካማ ነው። እሱን አጉልቶ ለማሰማት ብዙ አየር የሚገፉ ግዙፍ ስፒከሮች ያስፈልጋሉ፤ ለዚህም ነው የጃማይካ ሳውንድ ሲስተሞች ስፒከር በስፒከር ላይ የሚደረድሩት።

ዌይን ስሚዝ «አንደር ሚ ስሌንግ ቴንግ»ን ካወጣ በኋላ ቴነር ሶው «ፓምፕኪን ቤሊ»ን፣ ጆኒ ኦዝቦርን «በዲ ባይ»ን በዚያው ሪዲም ተጫወቱ። በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎች ሥራዎችም ተከተሉ። ባንድ መሰብሰብ ሳያስፈልግ ሪዲም መሥራት ስለተቻለ የጃማይካ ስቱዲዮዎች ፊታቸውን ወደ ዲጂታል አዞሩ፤ በአንጻሩ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ሥራ ቀነሰ።

ሦስቱን ዘፈኖች በተከታታይ አድምጧቸው። ቤዙ ያው ስለሆነ፣ የሚለያያቸው የድምፃዊው አገባብ፣ ትንፋሽ፣ ግጥምና ዜማ ነው። የአንድን ድምፃዊ ችሎታ ከሌላው ለመለየት ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አይገኝም።