ከመስተዋት ገንዳ ያመለጠው የባሕር አረም

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ የተነገረው ለእሳት ነው፤ ለውኃም የሚሠራ መሆኑን ግን በሞናኮና በካሊፎርኒያ ጠረፍ የደረሰው ነገር ያስረዳል። ከመስተዋት ገንዳ የወጣ አንድ የአረም ዘር በአንዱ ስፍራ በሺህ የሚቈጠር ሄክታር የባሕር ወለል ሲያለብስ፥ በሌላው ስፍራ በስድስት ዓመት ድካም ከሥሩ ተነቅሏል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መመርመር፥ የመንግሥት ሥራ ለሚመራም ሆነ ከባሕር ማዶ ዕቃ ለሚያስመጣ ሰው የሚጠቅም ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚነሡት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የባሕር ዓሣ በቤቱ የሚያኖር ሰው ሁሉ የዘወትር ባላጋራው አልጌ ነው። የጨው ውኃ በመስተዋት ገንዳ ተሞልቶ ዓሣ ሲገባበት፥ ከዓሣው ኩስና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችም አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬትና ፎስፌት ደግሞ ለአልጌ እንደ ፍግ ናቸው። በዚህ ላይ ብርሃኑ ሲረዝም፥ መስተዋቱና ድንጋዩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴና ቡናማ ልብስ ይለብሳሉ። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች አረሙን ከመፋቅ አስቀድመው ፍጉን ይቀንሳሉ፤ ይኸውም ምግቡን በመመጠን፥ ከውኃው ጥቂት ጥቂቱን በየጊዜው በመለወጥ፥ የመብራቱን ሰዓት በማሳጠር፥ አልጌ የሚግጡ ቀንድ አውጣዎችንና ዓሦችን በማስገባት ነው። «ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ» የሚለው ተረት በዚህ ስፍራ ቃል በቃል ይፈጸማል።

ከነዚህም መድኃኒቶች ሌላ አንድ ብልኀት አለ፤ እርሱም ፍጉን አስቀድሞ የሚጠጣ፥ መልኩም ዓይን የሚስብ ሌላ አልጌ በገንዳው ውስጥ መትከል ነው። ለዚህ አገልግሎት ከተመረጡት አንዱ ካውለርፓ ታክሲፎሊያ ይባላል። የሞቃት ባሕር ተክል ሲሆን፥ ቅጠሉ እንደ ወፍ ላባ የተሠነጠቀ፥ ቀለሙም ብሩህ አረንጓዴ ነው። ሥር፥ ግንድና ቅጠል ያለው ቢመስልም፥ አካሉ በሙሉ አንድ ትልቅ ሕዋስ ነው። ተቈርጦ የወደቀ ትንሽ ቍራጭ እንኳ ራሱን ችሎ እንደ ገና ያድጋል። በጀርመን አገር በስቱትጋርት ከተማ የእንስሳት ማሳያ ውስጥ ሲራባ የኖረው ዘር ከሌሎቹ ይልቅ ብርድን የሚችል ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያም በፈረንሳይ አገር ወደ ናንሲ፥ ከናንሲም ወደ ሞናኮ ተሸጋገረ።

የሞናኮ የውቅያኖስ ቤተ መዘክር በልዑል ቀዳማዊ አልበርት ተቋቁሞ በ1910 የተከፈተ፥ በባሕሩ ላይ ገደል ተደግፎ የቆመ ታላቅ ሕንጻ ነው። በ1984 በዚሁ ቤተ መዘክር ግርጌ በባሕሩ ወለል ላይ አንድ ካሬ ሜትር ያህል የሚሆን ካውለርፓ ታየ። በዚያ ቀን ጥቂት ጠላቂ ዋናተኞች ተጠንቅቀው ሊያወጡት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ማንም አልነካውም። የሞቃት ባሕር ተክል የሜዲቴራኒያንን ክረምት አይችልም የሚል ግምትም ነበረ። ተክሉ ግን ክረምቱን ቻለ። በ1989 አንድ ሄክታር ያህል ሸፈነ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ3 ሺህ ሄክታር በላይ ሆነ፤ በ2000 መጨረሻም በሞናኮ፥ በፈረንሳይ፥ በኢጣልያ፥ በስፔን፥ በክሮኤሺያና በቱኒዚያ ጠረፎች 13 ሺህ ሄክታር ያህል ስፍራ ደርሶበት ነበር።

በነዚያ ዓመታት ውስጥ ሲሠራ የነበረው ዋናው ሥራ ክርክር ነበር። በኒስ ዩኒቨርሲቲ የአልጌ ሊቅ የሆኑት አሌክሳንደር ሜኔዝ ዘሩ ከቤተ መዘክሩ ገንዳ የወጣ ነው ብለው ሲያስጠነቅቁ፥ ከቤተ መዘክሩ ወገን ደግሞ ተክሉ በስዊዝ ቦይ አልፎ ከቀይ ባሕር የመጣ ዘመዱ መልኩን ለውጦ ነው የሚል መልስ ተሰጠ። መልሱ ለሰሚው እንግዳ አልነበረም፤ ቦዩ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ ብዙ የቀይ ባሕር ፍጥረት ወደ ሜዲቴራኒያን መሻገሩ የታወቀ ነውና። ነገር ግን በ1998 የታተመ የዲ ኤን ኤ ምርመራ የሜዲቴራኒያኑ ተክልና የአኳሪየሙ ተክል አንድ ዘር መሆናቸውን አረጋገጠ። ይሁን እንጂ ፍርዱ እስኪወጣ ድረስ ተከሳሹ አገር ለቆ ሄዶ ነበር፤ የመርከብና የጀልባ መልሕቅ፥ የአሣ አጥማጅም መረብ ቍራጩን ከወደብ ወደ ወደብ አድርሶታል።

ጋዜጦች «ገዳይ አልጌ» ያሉት ስም ከልክ ያለፈ ነው፤ ሰውን የሚገድል አይደለምና። ጕዳቱ ሌላ ነው። በውስጡ ባለው መራራ ንጥረ ነገር ምክንያት የሚግጡት እንስሳት ጥቂቶች ስለ ሆኑ፥ ዓሦች የሚራቡበትን ፖሲዶኒያ የተባለውን የባሕር ሣር ሜዳ እየወረረ ይሸፍነዋል። ከ2000ዎቹ ዓመታት ወዲህ በፈረንሳይ ጠረፍ በብዙ ስፍራ ሳስቶ ታይቷል፤ ሆኖም ይህ የሆነው ሰው አስወግዶት አይደለም።

የካሊፎርኒያው ነገር በሌላ መንገድ ሄደ። በሰኔ ወር 2000 ከሳን ዲዬጎ ከተማ በስተ ሰሜን በአጉዋ ሄድዮንዳ ሐይቅ የባሕር ሣር ይመረምሩ የነበሩ ጠላቂዎች ይህንኑ አረም አገኙ፤ ጥቂት ቈይቶም በሀንቲንግተን ወደብ ታየ። የሜዲቴራኒያኑ ዘር መሆኑ ወዲያው ታወቀ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አንድ ኮሚቴ አቁመው በ17 ቀን ውስጥ ሥራ ጀመሩ፤ በሐይቁ ዳር ያለ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ድርጅት ለመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አቀረበ። አረሙ በጥቁር የላስቲክ ሸራ ተሸፈነ፥ ጠርዙ በአሸዋ ከረጢት ተጫነ፥ ከሥሩም ክሎሪን ተጨመረበት። ከዚያ በኋላ ጠላቂዎች ወለሉን ለዓመታት ደጋግመው ፈተሹ። በሐምሌ ወር 2006 አረሙ ፈጽሞ መጥፋቱ ተነገረ። ወጪው ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ነገር ግን መጨረሻ ያለው ወጪ ነበር።

ሕጉም እንደ ሥራው ትምህርት አለው። ካሊፎርኒያ በ2001 ዘጠኝ የካውለርፓ ዝርያዎች እንዳይሸጡ፥ እንዳይያዙና እንዳይጓጓዙ ከለከለች። ነገር ግን በስም ያልተዘረዘረው ዝርያ በገበያ ቀረ፤ በ2021 በኒውፖርት የባሕር ወሽመጥ ካውለርፓ ፕሮሊፌራ የተባለው፥ በዝርዝሩ ያልነበረው ተገኘ። ስለዚህ በ2023 በወጣው ሕግ የካውለርፓ ወገን በሙሉ ታገደ። ዝርያዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ፥ በሱቅና በጕምሩክ ላለ ሰው አንዱን ከሌላው መለየት ቀላል አይደለም፤ ሕግም የሚጠቅመው አስፈጻሚው በዓይኑ ሊለየው ሲችል ነው።

ለገንዳ ባለቤት ያለው ግዴታ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። የገንዳን ውኃ፥ ድንጋይ ወይም ተክል በባሕር፥ በወንዝም ሆነ በዝናብ ውኃ መውረጃ አለመድፋት ነው። የማይፈለገው አልጌ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን በበረዶ ማቀዝቀዣ ቈይቶ፥ በከረጢት ታስሮ ከደረቅ ቈሻሻ ጋር ይጣላል። ሻጩም ለገዢው ይህን አስቀድሞ ቢነግር ንግዱን አይጐዳም፤ በካሊፎርኒያ እንደ ታየው፥ ጥንቃቄ ሲጐድል ሸቀጡ ራሱ ይታገዳልና።

የዘሩን መነሻ መመርመር ተገቢ ነው፤ ጥፋተኛውንም መለየት እንዲሁ። ነገር ግን በሞናኮ ምርመራው የሥራ ምትክ ሆነ፤ በካሊፎርኒያ ግን ምርመራውና ሥራው አብረው ሄዱ። መርከብ የሚያስተናግድ ወደብ ሁሉ አንድ ቀን የራሱ የሆነ አንድ ካሬ ሜትር ይገጥመዋል። በዚያ ቀን የሚያስፈልገው ለማን እንደሚነገር፥ ማን እንደሚያዝ፥ የመጀመሪያውም ወጪ ከየት እንደሚከፈል አስቀድሞ ተወስኖ መገኘቱ ነው።