ዒላማው ሲገጥም እጅ ለምን አይታዘዝም?

ቀስተኛው ደጋኑን ወጥሯል፤ ትከሻው ጸንቷል፤ ትንፋሹም ልክ ነው። ማነጣጠሪያው መሐል ላይ ወዳለችው ቢጫ ክብ ተጠግቶ ገና ሳያርፍባት ጣቶቹ አውታሩን ለቀቁት፤ ፍላጻው ወደ ጎን ሄደ። ሌላ ቀን ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል። ክንዱ ከቢጫዋ በታች ይቆምና ምንም ቢታገል ወደ ላይ አልንቀሳቀስ ይላል። ቀስተኞች ይህን ጣጣ የዒላማ ድንጋጤ ይሉታል፤ በጣም የሚፈሩትም እሱን ነው።

መቐለ ላይ ቀስት ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ወደ ልምምድ የሚሄድ ወጣት ማግኘት ይከብዳል። ኳስ የያዘ ግን የትም አለ። ስለዚህ ነገሩን በፔናሊቲ ማየት ይቀለናል። የትግራይ ስታዲየም ውስጥም ሆነ ሁለት ድንጋይ ጎል በሆነበት የሰፈር ሜዳ ጥያቄው አንድ ነው፦ ልምምድ ላይ ዐሥሩንም ያገባ ልጅ ጨዋታ ላይ እግሩ ለምን ይከዳዋል? የተመልካቹ መልስ የታወቀ ነው። «ፈራ!» እኔ ይህን መልስ አልወደውም። ፍርሃት አለበት፤ ግን ፍርሃት ብቻውን እጅን ከባለቤቱ ትእዛዝ አያወጣም።

ከኲሓ ወደ መቐለ በሚወርድ ሚኒባስ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠን መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው እግር ተመልከቱ። ፊት ያለው መኪና ፍሬን ሲይዝ የእሱም ቀኝ እግር ወለሉን ይረግጣል። እዚያ ፔዳል እንደሌለ ያውቃል፤ ግን ዓመታት ሲነዳ ዓይኑ ያየውና እግሩ የሚያደርገው ተያይዘዋል። መንዳት የማይችለው ተሳፋሪ እግር ግን ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ቀስተኛውም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሺህ ጊዜ አነጣጠረ፤ ሺህ ጊዜ ቢጫዋን እንዳየ ለቀቀ፤ በለቀቀ ቁጥርም ትንሽ እፎይታ አገኘ። ሩሲያዊው ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ እንዳሳየው፣ ተደጋግመው አብረው የመጡ ሁለት ነገሮች አንዱ ሌላውን መጥራት ይጀምራል። መጀመሪያ ቢጫዋን ማየት መልቀቅን ይጠራል። ቆይቶ ወደ ቢጫዋ መጠጋት ብቻ ይበቃል፤ ፍላጻው ሳይደርስ ያመልጣል። ቀስተኛው ይህን ሲያውቅ ቀድሞ እንዳይለቅ መጨነቅ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ክንዱ ከቢጫዋ በታች ይደርቃል፤ ማነጣጠሪያው ከደረሰ ፍላጻው ያመልጣልና። አንዱ መቸኮል ሌላው መድረቅ ይምሰል እንጂ ሥራቸው አንድ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚይዘው ጀማሪውን ሳይሆን የቆየውን መሆኑም ለዚህ ነው። ጀማሪ ገና ያያያዘው ነገር የለም። ጣጣው ከቀስት ውጪም አለ። እንግሊዛዊው ኤሪክ ብሪስቶው አምስት ጊዜ የዳርት የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነበር፤ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በኋላ ግን ዳርቷን ከጣቶቹ መልቀቅ አቃተው። ጀርመናዊው የጎልፍ ተጫዋች በርንሃርድ ላንገር ኳሷን ወደ ጉድጓዱ ለመግፋት አጭር ምት ሲመታ እጁ ይርገበገብበት ነበር። ዱላውን የሚይዝበትን መንገድ ደጋግሞ ለወጠ፤ አዲሱ አያያዝ ከአሮጌው ልማድ ጋር አልተያያዘምና እጁ ተመለሰለት። እርግጥ ሐኪሞች አንዳንዱን እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ከነርቭ ችግር ጋር ያያይዙታል፤ ሁሉም የልማድ ጉዳይ ነው ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው ብሔራዊ ቡድናችን ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ሲጫወት፣ የሳላዲን ሰይድን ፍጹም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂው ኬኔዲ ምዌኔ መለሰበት። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ወጣን። ያን ቀን በየቡና ቤቱ ስለ ሳላዲን ያልተባለ የለም። ግን አንዲት የተመለሰች ኳስ የዒላማ ድንጋጤ ማስረጃ አትሆንም፤ ምዌኔም ቢሆን ለሥራው ነው የቆመው። (እሱው ምዌኔ ከአራት ቀን በኋላ ከናይጄሪያ ጋር ሲጫወቱ ራሱ ፔናሊቲ መትቶ አገባ።) ድንጋጤ የሚባለው መሳቱ አይደለም፤ መቺው «አሁን» ሳይል እግሩ ሲሄድ፣ ወይም «አሁን» ብሎ እግሩ ሲቀር ነው።

የፔናሊቲ ጥናቶችም ወደዚሁ ይመራሉ። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት የትልልቅ ውድድሮችን የመለያ ምቶች ሲመረምር፣ ቢገባ ወዲያው የሚያሸንፉበትን ምት ተጫዋቾች ከመቶ ዘጠና ገደማ ያገቡታል፤ ቢስቱት ወዲያው የሚሸነፉበት ሲሆን ግን ወደ ስድሳ ይወርዳል። ርቀቱ ያው 11 ሜትር፣ ጎሉም ያው 7.32 በ2.44 ሜትር ነው። ዮርዴት ሌላም ነገር አይቷል፦ የተጨነቀ መቺ ዳኛው ፊሽካውን እንደነፋ ይሮጣል። ነገሩ ቶሎ ይለቅለት እንጂ የት እንደሚገባ አያስብም። እንግሊዝ አገር የተደረገ ሙከራ ደግሞ ጭንቀት የያዘው መቺ ዓይኑ ከጎሉ ጥግ ይልቅ በረኛው ላይ እንደሚተከል አሳይቷል፤ ኳሱም ዓይኑን ይከተላል።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? «አትፍራ፣ አትሳት» ማለት እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። «አትሳት» የተባለ ልጅ ልቡ ውስጥ ያለው መሳት ብቻ ነው። አሠልጣኞች ይህን ቃል ከሜዳ ቢያስወጡት ግማሹ ሥራ ያልቃል።

ቀስተኞች የሚያደርጉት የተጣበቁትን ሁለት ነገሮች መለያየት ነው። በኦሊምፒክ ዒላማው 70 ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ወረቀቱ 122 ሳንቲ ሜትር፣ ዐሥር ነጥብ የምታሰጠው ክብ 12.2 ሳንቲ ሜትር ስፋት አላቸው። የታመመው ቀስተኛ ይህን ሁሉ ይተዋል። ፍላጻ የሚውጥ የገለባ ክምር ፊት ጥቂት እርምጃ ያህል ይቆማል፤ ወረቀት የለም፣ ክብ የለም። ዓይኑን ጨፍኖ ይለቃል። የሚያዳምጠው ጀርባውንና ጣቶቹን ብቻ ነው። ለሳምንታት እንዲህ ይውላል፤ አሰልቺ ነው፤ ብዙዎች የሚያቋርጡትም እዚህ ጋ ነው።

ሌላው ልምምድ የዚህ ግልባጭ ነው። ወረቀቱ ይሰቀላል፤ ቀስተኛው ይወጥራል፣ ቢጫዋ ላይ ያርፋል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ሳይለቅ ደጋኑን ያላላል። ደግሞ ይወጥራል፣ ደግሞ ያላላል። ማየት የግድ መልቀቅ እንዳልሆነ ሰውነቱ የሚማረው በዚህ ነው። አዳኝ ከሆነማ ይህ ዕለት ተዕለት ያስፈልገዋል፤ አውሬው ጎኑን ካልሰጠው ደጋኑን ማላላት የሙያው አካል ነውና። ሁለቱ ልምምዶች ለየብቻ ሲጸኑ፣ ትልቅ ወረቀት በቅርብ ተሰቅሎ ይገጣጠማሉ፤ ርቀቱም ቀስ እያለ ይጨምራል። ከተቸኮለ ድንጋጤው ተመልሶ ይመጣል።

ለሰፈሩ ፔናሊቲ መቺም ይኸው ይሠራል። መጀመሪያ ጎልም በረኛም ሳይኖር፣ ከቅርብ፣ አጥር ላይ ይምታ፤ የሚያስበው ስለ እግሩ አመታት ብቻ ይሁን። ቀጥሎ ኳሱን ነጥቡ ላይ አስቀምጦ፣ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ጓደኛው ፊሽካ ነፍቶለት፣ የመረጣትን ጥግ አይቶ ሳይመታ ይመለስ። ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ ይሳቁ። ከዚያ በረኛ ይግባ። ጥጓ የምትመረጠው ኳሱ መሬት ሳይነካ ነው፤ ከፊሽካው በኋላ አንድ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ ሩጫው። በረኛው ቢዘል፣ ቢጮህ፣ እጁን ቢያወናጭፍ ሥራው ነው፤ መቺው የቀጠረው ከጥጓ ጋር ነው።

ድንጋጤው አንድ ጊዜ ከሄደ በኋላም በትልቅ ጨዋታ ቀን ብቅ ሊል ይችላል። ያን ቀን እግሩ ቀድሞት ሊሄድ መሆኑን የተሰማው መቺ ኳሱን ለሌላ ተጫዋች ቢሰጥ ነውር የለበትም። በሚቀጥለው ልምምድ ወደ አጥሩ ይመለሳል።