ከቢላው በፊት ደሙን መዝጋት

የኩላሊት ካንሰር ከተሰራጨ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ የአከርካሪ አጥንት ነው። እዚያ የሚበቅለው እጢ በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ሐኪሙ በቀጥታ ቢላ ቢያሳርፍበት ደሙ በሊትር ሊፈስ ይችላል። እጅ ወይም እግር ቢሆን ከላይ አስሮ ማቆም ይቻላል፤ አከርካሪ ላይ ግን ማሰሪያ ቦታ የለም። ደሙ ሲያጥለቀልቅ ደግሞ አጠገቡ ያለው ህብለ ሰረሰር ከዓይን ይሰወራል።

ስለዚህ ወሳኙ ሥራ ከቀዶ ሕክምናው ይቀድማል፤ ሠሪውም ብዙ ጊዜ ራዲዮሎጂስት ነው። በብሽሽት ደም ቅዳ መርፌ ይገባል፤ በመርፌው ቀጭን ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ካቴተር የሚባለው ቱቦ ይከተላል። ዘዴውን ስዊድናዊው ሐኪም ስቬን ኢቫር ሴልዲንገር እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ነው። ቱቦው እጢውን ወደሚመግቡት ቅርንጫፎች ሲደርስ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ይረጭና የደም ሥሮቹ ካርታ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ከዚያ ጥቃቅን ቅንጣቶች ወይም ሙጫ ተለቆ መንገዱ ይዘጋል።

ሁሉም መንገድ ግን አይዘጋም። የህብለ ሰረሰርን የታችኛውን ክፍል በዋናነት የሚመግብ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ደም ቅዳ አለ። አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል፣ ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች አካባቢ ይነሳል፤ በራጅ ሲታይ እንደ ፀጉር መርፌ ታጥፎ ይወርዳል። ቅንጣቶቹ በስህተት እዚያ ከገቡ በሽተኛው ከወገብ በታች ሽባ ሊሆን ይችላል። እጢውን የሚመግበው ቅርንጫፍ ይህንኑ ደም ቅዳ የሚጋራ ከሆነ ጠንቃቃ ሐኪም ሳይዘጋው ይመለሳል፤ ይህ የሙያ ብስለት እንጂ ፍርሃት አይደለም። ደም ቅዳው የሚጠራው በፖላንዳዊው አልበርት አዳምኪየቪች ስም ነው። ሰውዬው የካንሰር መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ሳይሳካለት ቀርቷል፤ ስሙ ግን ዛሬም በካንሰር ቀዶ ሕክምና ክፍል ይነሳል።

የእጢው ደም መንገድ ከተዘጋ በኋላ ጊዜ አይሰጥም። እጢው ሌላ የደም መንገድ ስለሚፈልግ ቀዶ ሕክምናው በአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይደረጋል። ህብለ ሰረሰሩን የተጫነው እጢ ይነሳል፣ አከርካሪው በብሎንና በዘንግ ይጸናል፣ ጨረር ይከተላል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ካንሰር ህብለ ሰረሰራቸውን የተጫናቸው 101 ሕሙማንን አወዳድሮ ነበር። ቀዶ ሕክምናና ጨረር ካገኙት 84 በመቶ፣ ጨረር ብቻ ካገኙት 57 በመቶ ከሕክምናው በኋላ መራመድ ችለዋል። ካንሰር የነበረበት ሰው ሌሊት የሚብስ የጀርባ ሕመም ከጀመረው፣ በተለይ እግሩ ከዛለ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።