የኮምፒዩተር ጥበቃ ትምህርትና የሥራው ሚዛን

እንደሚታወቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በጉባ ወረዳ ከተሠራ በኋላ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 13 ተርባይኖቹ 5150 ሜጋ ዋት ኀይል ለማመንጨት የተሠሩ ናቸው። እንደ ማናቸውም ዘመናዊ የኀይል ማመንጫ ይህ ሁሉ መሣሪያ የሚታዘዘው በኮምፒዩተር ስለ ሆነ፣ ዘበኛ የሚያስፈልገው በበሩ ላይ ብቻ አይደለም።

ነገሩ ተረት አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም.፣ የግድቡ የመጀመሪያ ሙሌት በቀረበበት ጊዜ፣ ዛሬ አስተዳደር የሚባለው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የሰነዘሩትን ጥቃት ማክሸፉን አስታውቆ ነበር። በዩክሬን ደግሞ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ሰርጎ ገቦች የሦስት የመብራት አከፋፋይ ድርጅቶችን መረብ ይዘው 225 ሺህ ያህል ደንበኞችን በጨለማ አስቀምጠዋል። በምን በር ገቡ ቢሉ፣ ለሠራተኞች በኢሜይል በተላከ አባሪ ሰነድ ነው። መብራቱም የተመለሰው ሠራተኞቹ ወደየጣቢያው ሄደው በእጃቸው ስለ መለሱት ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚችል ሰው ከየት ይመጣል? ከእኛው መካከል ነው። ነገር ግን በፈተና ላይ «ፋየርዎል ምንድን ነው?» ስንባል ትርጉሙን በቃላችን ጽፈን ሙሉ ማርክ እናገኛለን እንጂ፣ ብዙዎቻችን ፋየርዎሉን በእጃችን አስተካክለን አናውቅም። ይህ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ትምህርቱን ከሥራው ተነሥቶ ማዘጋጀት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 አውጥቶ በ2020 ያሻሻለው «ናይስ» የተባለው መለኪያ የሳይበር ደኅንነትን ሥራ የሚገልጸው በሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ሊፈጸም በሚገባው ተግባር፣ ለተግባሩ በሚያሻው ዕውቀትና በክህሎቱ ነው። በአገራችንም የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በሙያ ደረጃ ተመድቦ፣ ሠልጣኙ በብቃት ምዘና ይፈተናል። በዚህ በኩል እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሙያ ሠልጣኞች የምንማረው አለ።

ምሳሌ እናምጣ። ተግባሩ «ከውጭ የመጣን ፍላሽ ከመቆጣጠሪያው ኮምፒዩተር ጋር ከመገናኘቱ በፊት መርምሮ ማሳለፍ» ይሁን። ዕውቀቱ ቫይረስ እንዴት እንደሚተላለፍና የመቆጣጠሪያው መረብ ከቢሮው መረብ ለምን እንደሚለይ መረዳት ነው። ክህሎቱ ፍላሹን ለብቻው በተቀመጠ ኮምፒዩተር መፈተሽ፣ የተገኘውን መመዝገብና የሚያጠራጥረውን ለአለቃ ማስታወቅ ነው። ፈተናውም ትርጉም ማስጻፍ መሆኑ ቀርቶ መምህሩ ፍላሹን ሰጥቶ «ፈትሽ» ማለት ይሆናል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በአሶሳ ከሚገኝ ትምህርት ቤት ከመረብ የተነጠለ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ቢኖር ይበቃል።

«ዩኒቨርሲቲ የዕውቀት ቤት ነው እንጂ የሠራተኛ ማሠልጠኛ አይደለም» የሚሉ ጓደኞች አሉን። አባባላቸው እውነት አለበት። የዛሬው መሣሪያ ነገ ያረጃል፤ መሠረቱን ያወቀ ግን አዲሱንም ይለምደዋል። ስለዚህ የሥራው ሚዛን ትምህርቱን ይመርምረው እንጂ አይተካው እንላለን።

እንግዲህ በየትምህርት ክፍላችን የኮርሱን ዝርዝርና የሙያ ደረጃውን ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ትምህርት ያልተመደበለትን ተግባር እናስምርበት፤ ለመምህራኖቻችንም በአክብሮት እናቅርብ። ይህን ካላደረግን የጉባና የአሶሳ ልጅ ግድቡን ከሩቅ ሲያይ ይኖራል፤ ከመቆጣጠሪያው ክፍል የሚቀመጠው ግን ሌላ ይሆናል። በአገሬው ገንዘብና ላብ የተሠራውን ግድብ በአገሬው ልጅ ዕውቀት መጠበቅ የእኛ ፋንታ ነው።