«ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ላለ በሽተኛ ምን ይሰጠው?

በሽተኛ በሐኪም ፊት ከሚናገራቸው ቃላት መካከል «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» የሚለውን ያህል ሥልጣን ያለው ጥቂት ነው። ሐኪሙ ይህን እንደ ሰማ ብዕሩን ያቆማል፤ በካርዱም ላይ በጉልህ ይጽፈዋል፤ በሽተኛውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ መድኃኒት እንደ ተከለከለ ይኖራል። ነገር ግን «አልተስማማኝም» የሚለው የአማርኛችን ቃል እጅግ ሰፊ ነው። ሆዱን የነፋውም፣ ተቅማጥ የያዘውም፣ መርፌ ፈርቶ ራሱን ያዞረውም፣ ጉሮሮው አብጦ ትንፋሹ ተቋርጦ ከሞት አፋፍ የተመለሰውም፣ ሁሉም በዚሁ ቃል ይናገራሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ይህ ነገር በጋምቤላ ምን ያህል እንደሚከብድ እንመልከት። በባሮ ወንዝ ዳር ባለችው በዚህች ከተማ አኙዋኩ፣ ኑዌሩ፣ መዠንግሩ፣ ኦፖውና ኮሞው፣ ከደጋ የመጣውም ሰው አብረው ይኖራሉ። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞችም በኩሌ፣ በቲርኪዲና በጀዊ ሰፈሮች ተጠልለዋል። አገሩም ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ የሚያልፍበት ነው። እንግዲህ አንዲት እናት አንገቱ የደረቀውንና ትኩሳቱ የጋለውን የ8 ዓመት ልጅዋን ይዛ ከኢታንግ በኩል ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል መጣች እንበል። ካርድ የላትም፤ ያለፈው የሕመም ታሪክ ሁሉ ያለው በቃልዋ ብቻ ነው። እርስዋ በኑዌርኛ ትናገራለች፤ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ ሐኪሙ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል። «ሕፃን ሳለ መርፌ ተወግቶ ታመመ» ያለችው ቃል ይህን ሁሉ ተሻግሮ ካርዱ ላይ ሲያርፍ «የፔኒሲሊን አለርጂ» ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ በሽታ ዛሬ ቀዳሚው መድኃኒት ሴፍትሪያክሶን ነው። ሴፍትሪያክሶን ደግሞ ሴፋሎስፖሪን ከተባሉት፣ ከፔኒሲሊን የቅርብ ዘመዶች አንዱ ነው። ሐኪሙ ይስጠው ወይስ ይተወው? በማጅራት ገትር ጊዜ አንዲት ሰዓት እንኳ ዋጋ አላት። ትቶት ወደ ክሎራምፌኒኮል ቢዞር፣ ያ መድኃኒት እምብዛም ባይሆንም ደም የሚሠራበትን መቅኔ ሊጎዳ የሚችል ነው።

የሁለቱ መድኃኒቶች ዝምድና ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል (ዘመኖቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ፔኒሲሊንን ፍሌሚንግ በ1928 በሎንዶን ከሻጋታ እንዳገኘው ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የሴፋሎስፖሪንን ታሪክ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ እኛም ወንዝ ዳር ላደገ ሰው ይበልጥ የሚጥመው ይህኛው ይመስለናል። ጁሴፔ ብሮትዙ የተባሉ ኢጣልያዊ ሐኪም በሰርዲንያ ደሴት በካልያሪ ከተማ፣ የቆሻሻ ውኃ በሚፈስበት ባሕር የሚዋኙት ወጣቶች ታይፎይድ እንደሚጠበቀው ያህል እንደማይጎዳቸው አስተዋሉ። ባሕሩ ውስጥ ተሕዋስያንን የሚገድል ነገር አለ ብለው ቢመረምሩ፣ በ1945 ሴፋሎስፖርየም የተባለውን ሻጋታ አገኙ። ሻጋታው ወደ ኦክስፎርድ ተልኮ ኤድዋርድ አብርሃምና ጋይ ኒውተን ለዓመታት ደከሙበት፤ ከዚህም ሥራ የተገኘው የመጀመሪያው መድኃኒት በ1964 ለሽያጭ ወጣ።

ሁለቱም መድኃኒቶች በመካከላቸው ቤታ ላክታም የተባለ ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት አላቸው። ከዚህ የተነሣ «ፔኒሲሊን ከማይስማማቸው 100 ሰዎች 10ሩ ሴፋሎስፖሪንም አይስማማቸውም» የሚል ቍጥር በየትምህርት ቤቱ ሲነገር ኖረ። ቍጥሩ የመጣው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ በዚያን ጊዜ የተሠሩት ሴፋሎስፖሪኖች የፔኒሲሊን ርዝራዥ ነበረባቸው፤ በትክክል ያልተጣራ ሽፍታም ሁሉ አለርጂ እየተባለ ይቈጠር ነበር። በኋላ በተደረገው ምርመራ ቍጥሩ ከ100 ወደ 2 ገደማ ወይም ከዚያም በታች ወርዶ ተገኘ።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? ቀይ ቆብ ያደረገ ሌባ አንድ ጊዜ ያታለለውን ዘበኛ አስቡ። ከዚያ በኋላ ቀይ ቆብ ያደረገውን ሁሉ ያግዳል፤ የሌባው ወንድም ግን ሌላ ቆብ አድርጎ ቢመጣ ያሳልፈዋል። ሰውነታችንም በብዛት የሚያስታውሰው የመካከሉን ቀለበት ሳይሆን በጎኑ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ ነው። የሴፋሌክሲን ቅርንጫፍ ከአምፒሲሊን ጋር አንድ ነው፤ የሴፋድሮክሲልም ከአሞክሲሲሊን ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ በእነዚህ ጥንቃቄው ይበረታል። የሴፍትሪያክሶን ቅርንጫፍ ግን ከእነዚህ ከፔኒሲሊኖቹ ጋር አይመሳሰልም። በ2022 የወጣው የአሜሪካ የአለርጂ ሐኪሞች መመሪያም፣ በፔኒሲሊን ብርቱ ድንገተኛ ቍጣ ለደረሰበት ሰው እንኳ ቅርንጫፉ የማይመሳሰል ሴፋሎስፖሪን ሊሰጠው እንደሚችል ይገልጻል።

በዚህ መንገድ የማይታለፉም አሉ። ከመድኃኒቱ በኋላ ቆዳው ውኃ ቋጥሮ የተላጠ፣ አፉና ዓይኑ የቈሰለ፣ ወይም ጉበቱና ኵላሊቱ የተጎዳ ሰው ከመላው ቤተሰብ ይራቅ፤ ለእርሱ የቅርንጫፍ ነገር አይነሣም።

ስለዚህ ነገሩ የሚፈታው በጥያቄ ነው። መድኃኒቱ በእርግጥ ፔኒሲሊን ነበርን? የሆነውስ ምንድን ነው፤ ሽፍታ፣ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይስ ተቅማጥ? ከስንት ደቂቃ ወይም ከስንት ቀን በኋላ? ስንት ዓመት ሆነው? ድንገተኛ አለርጂ የነበረባቸው ከ100 ሰዎች 80 ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላ ቍጣው ይለቃቸዋልና። ከሁሉ ይልቅ እኛ የምንወደው ጥያቄ «ከዚያ ወዲህ አሞክሲሲሊን ውጠህ ታውቃለህን?» የሚለው ነው። በአገራችን ያለ ማዘዣ አይሸጥ የተባለው መድኃኒት እንዴት እንደሚሸጥ የታወቀ ስለ ሆነ፣ «አለርጂ አለብኝ» ያለው ሰው ያንኑ የፔኒሲሊን ወገን ባለፈው ወር በደኅና ጨርሶት ሊገኝ ይችላል። ይህ ሲባል ግን ማንም በቤቱ ራሱን ይፈትን ማለታችን አይደለም።

መርፌውን የሚሰጠው ባለሙያ አድሬናሊን በአጠገቡ ሊኖረው ይገባል። ጉሮሮ ሲያብጥና ደም ግፊት ሲወርድ ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም በጭኑ የውጭ ጡንቻ ይወጋል፤ ለልጅ እንደ ክብደቱ ይቀነሳል። ሴፍትሪያክሶን ፔኒሲሊን የሚስማማውን ሰው እንኳ ራሱ ሊያስቈጣ ይችላልና፣ ከመርፌው በኋላ በሽተኛውን ለግማሽ ሰዓት ያህል ማየት ትርፍ ድካም አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ «አለርጂ» በተባለ ቍጥር ሴፍትሪያክሶንን ለቀላሉም ለከባዱም መምዘዝ ተሕዋስያኑን ማለማመድ ነው፤ ይህ ልማድ በሆስፒታሎቻችን ዛሬም ብዙ ነው።

ለጋምቤላው ልጅ በእናቱ እጅ የሚቀር አንዲት ወረቀት ትሰጠው። የመድኃኒቱ ስም፣ የታየው ምልክት፣ ከመርፌው በኋላ ያለፈው ጊዜ፣ በኋላም በደኅና የወሰደው መድኃኒት ይጻፍባት። ዘመኑም የኢትዮጵያ ወይም የአውሮፓ መሆኑ ይለይ፤ ድንበሩን ሲሻገር በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያያልና፣ ማዶ ያለው ሐኪም «10 ዓመት ሞላው ወይስ አልሞላም?» ብሎ ሲቈጥር ይሳሳትበታል።