ስለ ፊልም ትምህርት ስያሜዎች፦ «አዘጋጅ» ማን ነው?

የፊልም ጽሑፍ አጻጻፍና የፊልም አመራር ትምህርት ዛሬ በበይነ መረብ ይሰጣል። ስለሆነም ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በጥንታዊቷ የገበያ ከተማ በይፋግ የሚኖር ወጣት ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ሊከታተል ይችላል። ፊልሙን የሚሠራው ግን በአማርኛ፣ አማርኛ ከሚናገሩ ባለሙያዎች ጋር ነው። ተማሪው የተማረውን ለባልደረቦቹ በትክክል ለማስረዳት እንዲችል ተርጓሚው ሊያስብባቸው የሚገቡ ሁለት ነጥቦችን ከዚህ በታች እናብራራለን።

የመጀመሪያው የሰዋስው ነጥብ ነው። የፊልም ጽሑፍ በአሁን ጊዜ ይጻፋል የሚለው ደንብ የታወቀ ነው። ይህን ቃል በቃል የተረዳ ተማሪ «ሴትዮዋ ጤፉን እያወረደች ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ይህ አነጋገር ድርጊቱን ተጀምሮ ያላለቀ ስለሚያደርገው ጅማሬውንና ፍጻሜውን ከእይታ ያስቀራል። ተገቢው «ታወርዳለች» የሚለው የግስ መልክ ነው። ይህ መልክ በአማርኛ የትንቢትንም ጊዜ ያመለክታል፤ ነገር ግን በትዕይንቱ ርእስ ሥር ሲገባ አሻሚነቱ ይወገዳል። ምሳሌ፦

ውጭ፤ ይፋግ ገበያ፤ ረፋድ።
ሴትዮዋ ጤፉን ከአህያዋ ላይ ታወርዳለች። ነጋዴው አንድ እፍኝ ዘግኖ ያያል።

ርእሱ የሚገልጸው ስፍራንና ጊዜን ነው፤ ይኸውም ሥነ ጽሑፋችን «መቼ»ንና «የት»ን አጣምሮ «መቼት» ያለው ነው።

ሁለተኛው የሙያ ስያሜ ነው። «አዘጋጅ» በቴአትር ተዋንያንን የሚመራ፣ በጋዜጣ ጽሑፎችን መርጦ የሚያርም፣ በሬዲዮ ፕሮግራም የሚያሰናዳ ሰው ነው። በፊልም ሥራ ግን ገንዘቡንና ሂደቱን የሚያስተባብረው ፕሮዲውሰር፣ ትወናውንና የካሜራውን ዕይታ የሚወስነው ዳይሬክተር፣ የተቀረጸውን ቆርጦ የሚያያይዘው ኤዲተር የተለያየ ኃላፊነት አላቸው። ሦስቱም «አዘጋጅ» ቢባሉ፣ ውል በሚጻፍበት ጊዜ የአንዱ ድርሻ ከሌላው አይለይም። «ዳይሬክተር» የሚለውም የመሥሪያ ቤት ኃላፊን ስለሚያመለክት ብቻውን አያጠራም።

አንድ ሰው ብዙ ሙያ ቢይዝም ልዩነቱ አይጠፋም። የጎንደር ተወላጅ የሆኑት ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው መርተዋል፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል ፊልሙ የዳኞች ልዩ ሽልማት ሲያገኝ፣ ለፊልም ጽሑፉ ራሱን የቻለ ሌላ ሽልማት ተሰጥቶታል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

ሀ/ ለዳይሬክተር፦ «መራሔ ፊልም»። «መራሔ ተውኔት»ና «መራሔ መንግሥት» የታወቁ በመሆናቸው አመሠራረቱ ለጆሮ እንግዳ አይሆንም።

ለ/ ለፕሮዲውሰር፦ የውሰት ቃሉ እንዳለ ይቆይ። «አምራች» ቢባል ገበሬንና ፋብሪካን ያሳስባል።

ሐ/ ለኤዲተር፦ «የፊልም አቀናባሪ»። «የፊልም» የሚለው ከቀረ ከሙዚቃ አቀናባሪ ጋር ይምታታል።

ተርጓሚዎች እነዚህን ስያሜዎች በሥራቸው ላይ እንዲፈትኗቸው፣ የተሻለ ያገኘም ከነማስረጃው እንዲልክልን እንጠይቃለን።